በድባቡ ሥር የቀላው ብር

በፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ስሜ ግሩም ነው። በልጅነቴ ሰዋስው ተምሬ ለቅኔ እዘጋጅ ነበር፤ አልዘለቅሁበትም፤ ካሜራ ያዝሁ። ሃያ ዓመት ያለ ሥጋት ሠራሁ። ከአምናው ጥቅምት ወዲህ ግን ሥራዬን በፍርሃት እሠራለሁ፤ ፍርሃቱም የጀመረው በአንድ ሰው ሸሚዝ ነው።

ሰውየው አዘዘ ይባላል። ከአሰላ መጥቶ በከተማችን ባንክ የሚሠራ፣ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ የሚወድ፣ ሳቅ የማይለየው ሰው ነው። የንግሥት መልክ የታተመባቸው ሦስት የማርትሬዛ ብሮች በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው። እንደ መስተዋት ያበራሉ።

«ጋሽ ግሩም፣ እንዳሉ ያንሡልኝ» አለኝ። «አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰብሳቢ ፎቷቸውን ላክ ብሎኛል። ቀለማቸው ትንሽ ከተዛባ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ያሾፍብኛል።»

ግራጫውን ካርቶን ከብሮቹ ጎን አስቀምጬ ካሜራውን በእርሱ ለካሁ። ይህ የሙያችን ልማድ ነው። የሰው ዓይን ከመብራቱ ጋር ራሱን ያስማማል፤ ካሜራ ግን መብራቱ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚያውቀው ግራጫውን አይቶ ነው። አነሣሁ። በስክሪኑ ላይ ካርቶኑ ልክ ግራጫ፣ ጨርቁም ልክ ነጭ ሆኖ ወጣ። ብሮቹ ግን መዳብ መሰሉ።

ደግሜ ለካሁ። አምፖል ለወጥሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ቀዩ አልሄደም፤ በሴቲቱ ጉንጭ ላይ ተኝቷል። ያንን ቀለም አውቀው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በሌሎች ብሮች ላይ አይቸዋለሁ፤ ስለ እርሱም በጉባኤ ፊት መስክሬአለሁ።

«ምነው ላብ በላብ ሆኑ?» አለ አዘዘ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ።

«ወደ ኋላ ሂድ» አልሁት።

«ምን አጠፋሁ?»

«እስከ በሩ ድረስ ሂድ።»

ሄደ። ቀዩም አብሮት ሄደ። ብሮቹ ነጡ።

አዘዘ ደረቱን ቁልቁል አየ፤ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ሌባው ሸሚዜ ነው በሉኛ! እኔኮ መዳብ ሸጠልኝ ብዬ ሻጩን በልቤ እየረገምኩት ነበር። ምስኪን፣ ምንም ሳያደርግ!»

እኔ አልሳቅሁም። ካርቶንና ጨርቅ በላያቸው የወደቀውን ብርሃን ተቀብለው የራሳቸውን ቀለም ያሳያሉ። የተወለወለ ብር ግን ፊት ለፊቱ የቆመውን ይመልሳል። ግራጫው ካርቶን ስለ ብርሃኑ እውነቱን ይናገራል፤ በብሩ ውስጥ ስላደረው ነገር ግን ምንም አያውቅም። የሰው ዓይን ጭንቅላቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ነጸብራቁን ከብሩ ይለያል፤ ካሜራ አንድ ዓይን ነው፣ አይነቃነቅም። ይህን ሁሉ ማወቅ ነበረብኝ። ለማወቅ ሃያ ዓመት ነበረኝ፤ ያልነበረኝ ትሕትና ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሐይቁ ምዕራብ ካሉት ደሴቶች የአንዷ ሰበካ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት በፎቶ መዝገብ እንዳሰፍር ጠርቶኝ ነበር። የደሴቷን ስም አልጽፍም። ከቁንዝላ በሞተር ጀልባ ተሻገርሁ።

ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። አንዱን የያዙት ቄሰ ገበዝ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። ሌላውን የያዙት አባ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ በር ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሁለቱም ያረጁ ሰዎች ሆነው ሲገናኙ እንደ ልጆች ይነካከሱ ነበር።

«ቀስ በል፤ በሩ ያንተን ጉልበት አይችልም» አሉ አባ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ቁልፉን ለማዞር የሚታገሉትን ወዳጃቸውን እያዩ።

«አንተ ያንተን አዙር። ምክር የጠየቀህ የለም።»

ከዕቃዎቹ መካከል፣ ከብራናው መጽሐፍና ከመጎናጸፊያው ሌላ፣ ሴቶች ከአንገታቸው አውልቀው በስእለት የሰጧቸው የማርትሬዛ ብሮች ነበሩ። ሊነሡ ነው ሲባል ሁለቱ አረጋውያን በአመድና በደሴቷ ሎሚ ሁለት ቀን ሲወለውሏቸው ሰነበቱ፤ ቄሰ ገበዙ ያሻሉ፣ አባ ተክለ ጊዮርጊስ በግራቸው ተቀምጠው አመድ ያቀብላሉ። «የእመቤታችን ንብረት ጠቁሮ ለሰው ዓይን አይቀርብም» አሉኝ ቄሰ ገበዙ። በማግስቱ ቅዳሴ ነበረ። እኔ ያነሣሁት ከቅዳሴው በኋላ ነው።

ዕቃ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ዕቃዎቹ ወደ ደጅ ወጡ። በዚያች ደሴት ልማድ ንዋየ ቅድሳት ባዶ ሰማይ አያየውም፤ ከበሩ ሲወጣ ድባብ ይዘረጋበታል። ሁለት ዲያቆናት ቀይ ከፋይ የለበሰውን ትልቅ ድባብ በብሮቹ ላይ ዘርግተው ቆሙ። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ካርቶኔን በድባቡ ሥር አስቀምጬ፣ በጥንቃቄ ለክቼ አነሣሁ። በዚያ ቀን የተደረገው ሁሉ በአክብሮት የተደረገ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የታተመው አልበም በጉባኤው ፊት ተገለጠ። ብራናው ልክ ነው። መጎናጸፊያው ልክ ነው። ብሮቹ ቀይ ናቸው። ብሮቹ የሚቀመጡበትን ሙዳይ ከፍተው ቢያዩ ነጭ ሆነው አገኟቸው። ይህ ነገሩን ይዘጋዋል ብሎ የሚያስብ ሰው የሰውን ልብ አያውቅም። «በፎቶው ቀን መዳብ አስቀምጠው ነበር፤ አልበሙ ሲመጣ ፈርተው እውነተኞቹን መለሱ» አለ አንድ የጉባኤው አባል። «ለዚህ ነዋ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጩት!» አለ ሌላው።

የጉባኤው ሰብሳቢ መልአከ ገነት መርስዔ ኀዘን ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ካሜራው ተሳስቶ እንደሆነ ንገረን። የሰው ስም ነው።»

«አባቴ፣ ብራናውን ይመልከቱ» አልኋቸው። «በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ልኬት የተነሡ ናቸው። ብራናው እውነት ከሆነ ብሩም እውነት ነው። ብሮቹ ቀይ ከታዩ ቀይ ነበሩ።»

ቃሌ የተሰካካ ነበር፤ ሐሰትም ነበር። ሁለቱ አረጋውያን በዚያ ተቀምጠዋል። አባ ተክለ ጊዮርጊስ መሬት መሬት ያያሉ። ቄሰ ገበዙ በመጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ፎቶውን አዩ፤ ከዚያም ወዳጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። የዚህ የሦስተኛው አስተያየት ምሥጢር ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቁልፎቹ ከሁለቱም ተወሰዱ። ሌቦች ናቸው ብሎ የፈረደ የለም፤ አይደሉም ያለም የለም። ቄሰ ገበዙ ደሴቷን ትተው ዓባይ ማዶ ከልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔ የድካሜን ዋጋ ተቀብዬ ወጣሁ።

አዘዘ ከሄደ በኋላ እውነቱን ይዤ ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ቄሰ ገበዙ ሰማንያን አልፈዋል፤ እውነቱ ሳይደርሳቸው ቢሞቱ ክሱን ይዘውት ይቀበራሉ። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ስለ ስሜ ፈራሁ። ከዚያ መዝገብ ወዲህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥራ ሰጥተውኛል። በእነዚያ ሳምንታት ቀዩ አልተለየኝም። የማነሣት ሙሽራ የጣቷ ቀለበት ይቀላል። የሾርባ ማንኪያዬ ይቀላል። አንድ ቀን በባጃጅ መስተዋት ውስጥ ከኋላዬ ቀይ ድባብ ተዘርግቶ አየሁ፤ ስዞር ባዶ መንገድ ነው። በአራተኛው ሰኞ ከአዘዘ አንዱን ብር ተዋስሁ፤ ቀይ ጨርቅ ገዛሁ፤ ድልድዩን ተሻገርሁ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሥርጉት ናት፤ መምህርት ናት። አየችኝና ስሜን ሳትጠራ «ፎቶ አንሺው» አለች።

«ቄሰ ገበዙን ፈልጌ ነበር። ጥፋቴን ልነግራቸው ነው የመጣሁት።»

«አራት ዓመት የቆየ ጥፋት ዛሬ ምን አስቸኮለው?»

ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ሥርጉት፣ ማነው?»

«ያ ባለ ካሜራው ነው፣ አባዬ።»

«ይግባ» አሉ።

በግቢው መካከል እሾሁ የበዛ ያላፈራ የሎሚ ዛፍ ነበር። ቄሰ ገበዙ ከዛፉ ፊታቸውን አዙረው በአግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ተንበርክኬ ብሩን በነጭ ወረቀት ላይ አኖርሁ። ቀዩን ጨርቅ ከላዩ ዘርግቼ አነሣሁና ስክሪኑን አሳየኋቸው። ጨርቁን አንሥቼ ደግሜ አነሣሁ። «አባቴ፣ ቀዩ ድባቡ ነበር» አልኋቸው። «ብሮቹ አልተለወጡም። ማንም አልነካቸውም። እኔ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ መስክሬ ነው።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ወይም ይቆጡኛል። ብሩን አነሡና በሴቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ፍሬዎች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እጄ አውቆ ነበር» አሉ። «ያን ጊዜ ስወለውል እያንዳንዷን እንዲህ ቆጥሬአለሁ። ብር መሆናቸውን እጄ ያውቅ ነበር። አንተ ሥዕል ይዘህ መጣህ፤ እጄን ትቼ ሥዕሉን አመንሁ።»

«እርስዎም አመኑት?»

«ሁለት ቁልፍ ነበረ። እኔ አልወሰድሁም። እንግዲህ ማን ቀረ?»

ብሩን በመዳፋቸው ላይ ገለበጡት።

«መቅደስ ስገባ ቁልፌን ይዤ አልገባም ነበር። ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ አደራ እሰጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም። በዚያም በፎቶው ቀን ሰጥቸዋለሁ። ሁለቱም ቁልፍ በእርሱ እጅ የዋለው ቅዳሴው እስኪያልቅ ነው። አየህ? ሥዕልህን ሳይ የመጣልኝ ይህ ነው። ለጉባኤው አልተናገርሁም። በልቤ ግን ፈረድሁበት።»

ሥርጉት ከበሩ መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር። «አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሐይቁን ተሻግረው መጡ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለአባቷ አልታወቀም። «አባዬ የሉም በያቸው አሉኝ። ሁለት ጊዜ አልሁ። በሦስተኛው አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ቆምሁ። ገባቸው። ‹ግድ የለም ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ› ብለው ከደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከረፋድ እስከ ማታ ተቀመጡ። አባዬ ደግሞ እዚህ ውስጥ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የነበረው ይኸው የበሩ ቆርቆሮ ነው። ሲሄዱ ሎሚ በቅርጫት ትተው ሄዱ። በዚያው ክረምት አረፉ። ሎሚውን ማንም አልበላውም፤ ከተጣለበት ያ ዛፍ በቀለ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

ቄሰ ገበዙ ብሩን በእጄ አኖሩና «ወደ ደሴቷ ውሰደኝ» አሉ።

ለመልአከ ገነት መርስዔ ኀዘን ደውዬ ጉባኤው እንዲሰበሰብ ለመንሁ። በሐሙስ ሄድን። እስከ ቁንዝላ ያለው መንገድ ሽማግሌውን አንገላታቸው። በጀልባ ስንሻገር እምቦጩ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ያዘው፤ ጀልባ ነጂው እየተሳደበ ሲያላቅቅ እሳቸው ውኃውን ያያሉ። «ይህን ሦስት ጊዜ ተሻገረው» አሉ በመጨረሻ።

ጉባኤው ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ነገሩን እንዳሳይ ሙዳዩ ወጣ፤ ቀዩ ድባብም ተዘረጋ። ሙዳዩ ሲከፈት ግን ብሮቹ ጥቁር ሆነው ተገኙ። በአራት ዓመት ውስጥ የወለወላቸው አልነበረም፤ ዝገቱ እንደ ጥቀርሻ ሸፍኗቸዋል። አነሣሁ። ምንም ቀይ አልታየም። የጠቆረ ብር ማንንም አይመልስም።

«ታዲያ የታለ ቀይህ?» አለ ያ በፊት የተናገረው አባል። «አንድ ጊዜ ቀይ ነው አልኸን፤ አሁን አይደለም ትለናለህ። ነገ ደግሞ አረንጓዴ ነው በለን!» ሁለት ሦስቱ ሳቁ።

«መወልወል አለባቸው» አልሁ። «ያን ጊዜ እንደ ነበሩት።»

ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረው አዩ። በክስ ከዕቃ ቤት የወጣ ሰው ዕቃውን ዳግመኛ አይነካም። መልአከ ገነት ግን ብዙ ካሰቡ በኋላ «ከእርሳቸው በቀር ይህን የሚያውቅበት ማን አለ?» አሉ። «አመድና ሎሚ አምጡ።»

ቄሰ ገበዙ በምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ብር ወለወሉ። እጃቸው በራሱ አሳብ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ አመዱ፣ ሎሚው፣ ጨርቁ፣ አውራ ጣቱ በዘውዱ ፍሬዎች ላይ። ሁለተኛውን አነሡ። ያን ጊዜ ግራ እጃቸው ሳያዩ ወደ ጎናቸው ተዘረጋና መዳፉ ተከፍቶ ቆየ።

አመድ የሚያቀብል በግራቸው አልነበረም።

እጁ እንደ ተዘረጋ ቆየ። ሁላችንም ያንን ባዶ ቦታ እናይ ነበር፤ በውኑ ባዶ ነው ብዬ ለመማል ግን ዛሬም አልደፍርም። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ አመዱን ራሳቸው ዘግነው ቀጠሉ።

አምስት ብሮች ሲነጡ በቃ አልኋቸው። በድባቡ ሥር አኑሬ፣ በካርቶኔ ለክቼ አነሣሁ። ስክሪኑን ከሰው ወደ ሰው አዞርሁ። አምስቱ ብሮች እንደ መዳብ ቀይ ናቸው፤ በጎናቸው ያሉት ያልተወለወሉት ጥቁር ናቸው። ያ ያሾፈው አባል ፎቶውን አየ፣ ብሮቹን አየ፣ ቀና ብሎም የድባቡን ከፋይ አየ። ቄሰ ገበዙ ነጠላቸውን አወለቁና ሰጡኝ። ዲያቆናቱ ድባቡን አጥፈው ነጠላውን በብሮቹ ላይ ወጥረው ያዙ፤ ከሰማዩም ከከፋዩም ከለለልን። ብሮቹ እንዳሉ ሆነው፣ ነጭ ሆነው ወጡ።

«በብሩ መካከል ያለው ይህ ጥቁር ነጥብ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ መልአከ ገነት።

«የካሜራው ዓይን ነው፣ አባቴ። በቀጥታ ሲያዩት ብሩ የሚያየውን ሰው ይመልሳል። እኔ ነኝ።»

መልአከ ገነት ተነሡ። የሁለቱም ስም በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት እንደሚታደስ ተናገሩ። ቁልፉንም አምጥተው በቄሰ ገበዙ ፊት አኖሩት።

«አልይዘውም» አሉ ቄሰ ገበዙ። «እናንተ ተጠራጠራችሁ፤ አላወቃችሁምና። እኔ እያወቅሁ ፈረድሁ።»

ወደ አባ ተክለ ጊዮርጊስ መቃብር ሄድን። አፈሩ ተስተካክሎ ሣር በቅሎበታል፤ ከራስጌው ስም የሌለበት ድንጋይ አለ። ቄሰ ገበዙ ቆሙ እንጂ አላለቀሱም። እኔ ግን የመጣሁበትን ደግሜ ለመንሁ፤ ራሴን የማቅለል ፍላጎቴ በዚያ ቦታ እንኳ አልተወኝም ነበር። «አባቴ፣ ይቅር አላሉኝም» አልሁ።

«አንተን ይቅር ብያለሁ። አንተን ይቅር ማለት ቀላል ነው» አሉ። «እኔን ይቅር የሚለኝ ግን ከዚህ ሥር ነው፤ የለሁም ያልሁት ሰው ነው።»

ዓባይ ማዶ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ደግፌ እስከ በሩ አደረስኋቸው። ሥርጉት በሩን ከፍታ ጠበቀችን። እሳቸው ግን አልገቡም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«አባዬ፣ ይግቡ እንጂ። ብርድ ይመታዎታል።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ።»

ሥርጉት የበሩን ቆርቆሮ እንደ ያዘች ቀረች። ቃሉን አውቃዋለች፤ እኔም አወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ለሥራ ሳልፍ አያቸዋለሁ። ከረፋድ እስከ ማታ በድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነው፤ ሎሚው ከውስጥ ይታያል። ባጃጁን አስቁሜ እጅ እነሣለሁ። ይመልሱልኛል። ሁልጊዜም በድንጋዩ ላይ በቀኙ በኩል ጠጋ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ በግራቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተዋል።